ካሜራው በሻንጣ፣ ፎቶው በስልክ

ውድ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው፤ የምሠራውም ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ከጓደኞቼ ጋር ረጅም የእግር ጉዞ መሄድ ለምዶብኛል። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ታላቅ ወንድሜ ከጉሮሮው ቀንሶ ኒኮን ዲ7100 ካሜራ ከ18-140 ሌንስ ጋር ገዝቶ ሰጥቶኛል። ያኔ በደስታ አልቅሻለሁ።

አምና በለጠ ጫካ ውስጥ ለሁለት ቀን ስንጓዝ ይዤው ሄድኩ። ከነቦርሳው፣ ከነቻርጀሩ ሁለት ኪሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን ሳይጋመስ አንገቴን አሳመመኝና ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት ዝናብ መጣ፤ ከዚያ በኋላ አላወጣሁትም። ቤት ገብቼ ስቆጥር በስልኬ 312፣ በካሜራው 9 ፎቶ አንስቻለሁ። ከክረምቱ በኋላ ከቁም ሳጥን ሳወጣው ደግሞ ሌንሱ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር አየሁ፤ ለወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም።

ለኅዳር ባሌ ተራሮች ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው፤ ከዲንሾ ተነስተን በሰነቴ አድርገን ወደ ሪራ፣ ስድስት ቀን በእግር። ቀይ ቀበሮ ማንሳት እፈልጋለሁ። ለአንድ ያገለገለ ካሜራ የሚሆን ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፤ ቀላል፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የሚችልና ሩቅ የሚያቀርብ ብገዛ ብዬ አስቤ ነበር። ሐሳቤን ለወንድሜ ሳነሳለት «ያንን ምን አደረግሽውና ነው ሌላ የምትገዢው?» ብሎ ተቀየመኝ። ሠርግ የሚያነሳ ጓደኛዬ ደግሞ «ከገዛሽ አይቀር ፉል ፍሬም ግዢ» ይለኛል። ወንድሜ በጥር ያገባል፤ ከእሱ ጋር ተኳርፌ መክረም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰ. ከጅማ

መልስ

ውድ ሰ.፣

ከደብዳቤሽ ዓይናችንን የያዙት ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው፤ 312 እና 9። አንቺ እንደ ጥፋት ቆጥረሻቸው ይሆናል። ግን እስቲ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ዲ7100 ባትሪና ሜሞሪ ገብቶለት 765 ግራም ነው፤ 18-140 ሌንሱ ለብቻው 490። ሲደመር አንድ ኪሎ ከሩብ፣ ያውም አንገት ላይ ተንጠልጥሎ በየእርምጃው ደረት የሚመታ። ሽቅብ ስትወጪ አንድ እጅሽ ዱላ ይዟል፤ ሌላው ቅርንጫፍ ይገፋል። ቆሞ ለሚያነሳ ሰው የተሠራ ጥሩ ካሜራ ነው፤ በቀን ሃያ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ አልታሰበም። ስለዚህ ስጦታውን የናቅሽው አንቺ አይደለሽም። አንድ ነገር ግን እንጠይቅሽ፤ ካሜራውን ባየሽ ቁጥር የሚከብድሽ ክብደቱ ነው ወይስ ለወንድምሽ ያልነገርሽው የሌንሱ ነገር? መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ምርጫው። «ቀላል፣ ጠንካራ፣ ዝናብ የሚችል፣ ሩቅ የሚያቀርብ» ብለሽ አራት ነገር ጠይቀሻል። አራቱንም በኪስ ልክና ባጠራቀምሽው ገንዘብ የሚያሟላ አታገኚም፤ ሦስቱን ካገኘሽ ጥሩ ገበያ ነው። ምክንያቱ ሴንሰሩ ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ በሰፋ ቁጥር ፎቶው በጨለማ ጫካ ውስጥ እንኳ ይጠራል፤ ነገር ግን ለሰፊ ሴንሰር ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ረጅምና ከባድ ይሆናል። የሠርግ አንሺው ጓደኛሽ ለሥራው ልክ ነው። ፉል ፍሬም፣ ማለትም ሰፊ ሴንሰር ያለው ካሜራ፣ ከነረጅም ዙሙ ወደ ሰነቴ ይዘሽ ብትወጪ ግን የበለጠ ጫካው ታሪክ ይደገማል፣ በበለጠ ክብደት።

ቀይ ቀበሮ ካልሽ ትንሽ ስሌት እንሥራ። የቀበሮው ቁመና ከአፍንጫ እስከ ጭራው ሥር አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሃምሳ ሜትር ርቆ ፍልፈል ሲያደባ አገኘሽው እንበል። በስልክሽ ዋና ካሜራ፣ ማለትም በ26 ሚሊ ሜትር አካባቢ (ይህ ቁጥር በጨመረ መጠን ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል)፣ ፎቶው ከጎን ወደ ጎን 69 ሜትር ያህል ሜዳ ይይዛል፤ ቀበሮሽ ከፎቶው ወርድ አንድ ሰባኛ፣ ቀይ ነጥብ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ላይ አንድ አሥራ ስምንተኛ ይሆናል። 250 ላይ የሚታየው ሜዳ ወደ ሰባት ሜትር ይጠባል፤ ያኔ ጆሮው፣ የጉሮሮው ነጭና የጭራው ጥቁር ተለይቶ ይታያል። የመጽሔት ሽፋን አይወጣውም። «ቀበሮ አየሁ» ብለሽ ለማሳየት ግን ይበቃል። ቀረብ ለማለት ብላችሁ እንዳታሳድዱት ብቻ፤ አደኑን ያቋርጣል።

ከመግዛትሽ በፊት አንድ ምሽት ስጪና በስልክሽ ያሉትን 312 ፎቶዎች በሦስት ክፈያቸው፤ ሰፊ መልክዓ ምድርና ሰው አንድ፣ እጅ የሚደርስበት አበባ፣ ነፍሳት፣ የቡና ፍሬ ሁለት፣ ዛፍ ላይ ያለ ጉሬዛና ወፍ ዓይነት «ምነው ቀረብ ባለልኝ» ያልሽበት ሦስት። የመጀመሪያውን ክምር ስልክሽ በደንብ እየሠራው ነው። አዲሱ ካሜራ ስልክሽ የማይችለውን እንዲሠራ ነው የምንፈልገው፤ አለበለዚያ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆንብሻል።

ሦስተኛው ክምር ከገዘፈ ምርጫችን ሉሚክስ ቲዜድ100 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው፤ በአሜሪካ ገበያ ዜድኤስ100 በሚል ስም ስለወጣ ሁለቱን ስም ብታዪ አንድ ካሜራ መሆኑን እወቂ። 312 ግራም ነው (ከ312 ፎቶሽ ጋር መገጣጠሙ ያስቃል)፤ ከዲ7100ሽ ከነሌንሱ ሩቡ መሆኑ ነው። ዙሙ ከ25 እስከ 250 ይሄዳል፣ ሴንሰሩ አንድ ኢንች የሚባለው ነው፣ በዓይን የሚታይበት መስኮት ስላለው በሰነቴ ፀሐይ ስክሪኑ አልታይ ሲልሽ አትቸገሪም፣ በዩኤስቢ ገመድም ይሞላል። ገንዘብሽ ከፍ ካለ ሶኒ አርኤክስ100 ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ትውልድ አለ፤ 300 ግራም ገደማ፣ ዙሙ እስከ 200። ምስሉ የተሻለ፣ ዋጋው ግን በጣም የራቀ ነው። የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፤ ውኃ አይችሉም፣ ገባ ወጣ የሚለው ሌንስም እንደ ወናፍ አቧራ ይስባል።

ሁለተኛው ክምር ከገዘፈ፣ ወይም «እኔ ካሜራ መጠቅለልና መፍታት አይሆንልኝም» የምትዪ ከሆነ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ውሰጂ፤ ተከታዩ ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 ይባላል። 250 ግራም አካባቢ ነው፣ አምራቹ እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ውኃ፣ ከ2.1 ሜትር መውደቅና እስከ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ብርድ ይችላል ይላል፣ አበባን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ያነሳል። ዋጋው የሚከፈለው በሴንሰሩ ነው። ስፋቱ የቲዜድ100ን ሩብ ያህል ነው፣ ዙሙም 100 ላይ ያልቃል። ሀረና ጫካ ውስጥ፣ ዛፉ ሰማዩን በሸፈነበት፣ ፎቶው ሻካራ ይሆናል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ውኃ ውስጥ አትንከሪው፤ የበሮቹ ጎማ ያረጃል፣ አንዲት የፀጉር ዘለላ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ጎማው ላይ ካረፈች ውኃው መንገድ አገኘ ማለት ነው። ዝናብ ግን ይችልልሻል። ሪኮ ጂአር የሚያሞግሱልሽም አይጠፉም፤ 250 ግራም አካባቢ የሆነ፣ ምስሉ ግሩም የሆነ ካሜራ ነው። ዙም የሚባል ነገር ስለሌለው ለቀበሮሽ እንርሳው።

ለአንቺ የሚሻለው የቱ ነው ብትዪን፣ ቀበሮውን በስሙ ጠርተሽ ስለጠየቅሽና ኅዳር ባሌ ላይ ደረቅ ወቅት ስለሆነ ወደ ቲዜድ100 እናዘነብላለን። ክምሮቹ ሌላ ካሉሽ ግን እነሱን ስሚ።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዢ «ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ» እንዳይሆን ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ጠይቂ። አብርተሽ አጥፊው፣ አሥር ጊዜ። ሌንሱ ሲወጣ አንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ሊያሰማ ይገባል፤ ካንቋረረ፣ መንገድ ላይ ካመነታ ወይም «አጥፍተው ያብሩ» የሚል ጽሑፍ ካመጣ ውድቀት ቀምሷል፣ ተይው። ከዚያ የአቧራውን ፈተና አድርጊ፤ በቲዜድ100 ትልቁ ጣጣ እሱ ነው። መምረጫውን ኤ ላይ አድርጊ፣ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፣ ወደ ኤፍ 8 አምጪ፣ ዙሙን እስከ መጨረሻው ግፊና ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሺ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ሰፋ አድርገሽ ጥግ ለጥግ እዪ፤ ግራጫ ክብ እድፍ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። በጨርቅ አይጠረግም፤ ለማጽዳት ካሜራው መፈታት አለበት። ሻጩ «ትንሽ ናት፣ አትታይም» ይልሻል። በ250 ላይ ሰማይ ባለበት ፎቶ ሁሉ ትታያለች። ባትሪውን አውጥተሽ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክሪው፤ እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧል። ሜሞሪውንም አትመኚው። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 16 የሆነ ስለሞላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ በፊልም ሙሉ በሙሉ ሙዪውና መጨረሻ የገባውን ክፈቺ፤ ካልተከፈተ ሐሰተኛ ነው። አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ባለ 32 ጊጋ መያዝ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሦስቱ ቀን ይተርፍልሻል።

አዲስ አበባ ያለ ሰው የሚገዛልሽ ከሆነ ይህችን አንቀጽ ላኪለትና የሰማዩን ፎቶ ሳይጨመቅ እንደ ፋይል ይላክልሽ። ያንን ሳታዪ ገንዘብ አታስተላልፊ።

ካሜራው እጅሽ ከገባ በኋላ ሁለት ቦታ ላይ ብልጠት ያስፈልጋል፤ አንዱ መያዣው ነው። በአንገት አታንጠልጥዪው። የሻንጣሽ የትከሻ ማንገቻ ላይ፣ ደረትሽ አጠገብ፣ የምትቀመጥ ትንሽ ኪስ አሰፊ። መርካቶ ድንኳንና የሞተር ሽፋን የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች አይቸገሩባትም። ልኩ ከውስጥ 12 ቁመት፣ 7 ተኩል ወርድ፣ 5 ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይሁን፤ ውጪው ውኃ የማያስገባ ሸራ፣ ውስጡ ስስ ስፖንጅ። ክዳኑ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ አምስት ሴንቲ ይውረድ፣ ዝናቡ በስፌቱ እንዳይገባ። ቬልክሮ ብቻ አትመኚ፤ ከካሜራው ቀለበት ወደ ማንገቻው አንዲት ቀጭን ገመድ ይኑር፣ ክንድሽ ሲዘረጋ የምትደርስ። ቀኝ ከሆንሽ ኪሷ ግራ ማንገቻ ላይ ትሁን። ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ ዚፕ ያለው ላስቲክ ከረጢት ይታጠፍ፤ ካፊያ ሲጀምር ካሜራው ወደ ላስቲኩ፣ ላስቲኩ ወደ ኪሷ። ሌንሱ ተዘርግቶ ሳለ እርጥብ ከሆነ ሳታደርቂው አታጥፊው፤ ውኃውን ይዞ ወደ ውስጥ ይገባልና።

ሁለተኛው ብርዱ ነው። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377፤ በኅዳር ሌሊት ውኃ ይረጋል። ባትሪ በብርድ ይሰንፋል እንጂ አይሞትም፤ ጠዋት ባዶ ነኝ ያለሽን ባትሪ ብብትሽ ሥር አሥር ደቂቃ ይዘሽ መልሺው፣ ይነሳል። ሲመሽ ባትሪዎቹን ካልሲ ውስጥ ከተሽ የመኝታ ከረጢትሽ ውስጥ አሳድሪ። ቲዜድ100 በመደበኛው ልኬት በአንድ ባትሪ 300 ፎቶ ያነሳል፤ በብርድና በዙም ብዛት 200 ብለሽ ቁጠሪ። በቀን 80 ካነሳሽ በስድስት ቀን 480 ነው። ሁለት ባትሪና ባለ 10,000 ፓወር ባንክ ይበቃሻል፤ ፓወር ባንኩ ይህንን ባትሪ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ስልክሽ ካልበላው። ካሜራውን ግን መኝታሽ ውስጥ አታስገቢ። የትንፋሽሽ እርጥበት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከብርድ ወደ ሞቀ ወጥ ቤት ስትገቢ፣ ወይም ከሰነቴ በመኪና ወደ ሀረና ከወረዳችሁ፣ መጀመሪያ ላስቲኩ ውስጥ ዝጊውና አየሩን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል አትክፈቺው።

አሁን ወደ ዲ7100 እንመለስ። ሌንሱን ከካሜራው አውልቂ፣ ክፍሉን አጨልሚ፣ የስልክሽን መብራት ከኋላ አብሪበትና ከፊት ለፊት ሰያፍ አድርገሽ እዪ። የተበታተኑ ነጥቦች ከሆኑ አቧራ ነው፣ ከቁብ አትቁጠሪው። እንደ ሸረሪት ድር፣ እንደ ቀጭን ሥር እየተከፋፈለ የሚሄድ ክር ካየሽ ሻጋታ ነው። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ቦርሳ የተቀመጠ ሌንስ ላይ ሻጋታ መውጣቱ የአንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ጨለማ፣ እርጥበትና የማይንቀሳቀስ አየር ናቸው የሚያበቅሉት። ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ክር ፎቶውን አታበላሽም፤ መሀል ላይ ከሆነች ፀሐይ ፊት ለፊት ስታነሺ ምስሉን ታደበዝዘዋለች። ራስሽ እንዳትፈቺው። አልኮልም አትቀቢ፣ ፋርማሲስት እንደመሆንሽ እጅሽ ቅርብ ቢሆንም። አዲስ አበባ ካሜራ የሚጠግኑ አሉ፤ በጊዜ ከደረሰላቸው ይጸዳል።

ካሁን በኋላ ሁለቱንም ካሜራዎች ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የምግብ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አስቀምጪ። የቆዳና የጨርቅ ቦርሳው ውጪ ይቅር፣ እርጥበት ያዥ እሱ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል ጨምሪበት፤ ከመድኃኒት ዕቃ ውስጥ የምትጥያቸው እነዚያ ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው፣ የጫማ መሸጫዎችም በነፃ ይሰጡሻል። ስምንት አሥር ያህል በቂ ነው፤ ክረምት ላይ በየወሩ ቀይሪያቸው። ሩዝ አድርጊ ቢሉሽ አትስሚ፣ ዱቄቱ በየቀዳዳው ይገባል።

ወንድምሽን በተመለከተ። «ያንን ምን አደረግሽው?» ሲልሽ ስለ ካሜራ ብቻ የጠየቀ አይመስለንም። ከጉሮሮው ቀንሶ የሰጠው ነገር እንዳልተፈለገ ተሰምቶት ይሆናል። ስለ ግራምና ስለ ሴንሰር ብታስረጂው ክርክር ይሆናል፤ ካሜራውን አውጥተሽ ሌንሱን ራሱ በመብራት እንዲያየው ብታደርጊስ? የተደበቀ ነገር ከሌላ ሰው ቢሰማ ይብሳል። ከዚያ «ይኼ ትልቁ ለቤታችን ነው፣ ትንሿ ለመንገድ ናት፤ አልሸጠውም» ብትዪው የሚቀየም አይመስለንም። ለመሸጥ ካሰብሽም ሳትነግሪው አታድርጊው። ጥር ላይ በሠርጉ ጠዋት፣ ሙሽራው ሲለብስ፣ እናትሽ ስትመርቀው፣ የተቀጠረው ፎቶ አንሺ የማይገባበትን ጓዳ በዚያው ካሜራ ልታነሺ ትችያለሽ። ለዚያ ሥራ ዛሬም ጎበዝ ነው፤ ባትሪው በአንድ ሙሌት 950 ፎቶ ያነሳል። ይህን የምታቀርቢለት ግን ልብሽ ካለበት ነው፤ በሠርጉ ቀን ካሜራ ይዘሽ መዋል ካልፈለግሽ ንገሪው፣ እህት ሆነሽ መጨፈርም መብትሽ ነው።

በቅደም ተከተል ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ፎቶዎቹን ክፈዪ፣ ሌንሱን ፈትሺ፣ ወንድምሽን አናግሪ። ካሜራውን ከጉዞው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ያዢ። ከዚያ አንድ እሑድ ለባሌ የምትይዢውን ሻንጣ በሙሉ ክብደቱ ተሸክመሽ ወደ ጅሬን ውጪ፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ደርሰሽ ተመለሺ። ሳትቆሚ፣ ዱላሽን ሳትጥዪ፣ ካሜራውን ከኪሷ አውጥተሽ እስክታነሺ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ ጓደኛሽ ትቁጠርልሽ። ከአሥር ካለፈ ኪሷን ወደ ልብስ ሰፊው መልሺያት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የክዳኑ ርዝመት ወይም የቬልክሮው መብዛት ነው። የኒኮኑ ሌንስ ሻጋታ ከሆነ ደግሞ ከባሌ መልስ አይጠብቅ፤ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ጥር ይገባል።